ያላወረድኩት ሙሾ

ጡረታ ያወጣኝ ስፒከር ነው። እዚህ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሠፈር አንድ ለቅሶ ቤት፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ዝንጅብሌን ጉንጬ ውስጥ ሸጉጬ ስገባ ድንኳኑ መሐል አንድ ትልቅ ስፒከር ቆሟል። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ነካ ሲያደርግ የማላውቃት ሴት ሙሾ ማውረድ ጀመረች። ድምፅዋ ያምራል፤ አልዋሽም። ግን ሟቹ ሽማግሌ ናቸው፣ እሷ "እህቴ፣ እህት ዓለሜ" እያለች ታነባለች። ሰውም ያለቅሳል።

"ምነው ልጄ፣ እኔ መጥቼ የለም ወይ?" ስለው፣ "እማማ፣ እርስዎ ደክመዋል፤ አረፍ ይበሉ" አለኝና ወንበር አመጣልኝ። በአክብሮት ነው ያለኝ፤ ልቀየመው አልቻልኩም። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ለሥራ የጠራኝ የለም።

ፓስተራችንም ቢሆኑ ሙሾ አይወዱም። "ተስፋ እንደሌላቸው አናልቅስ" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ቀን ግን፣ "ፓስተር፣ ተስፋ ያለው ሰውም እኮ ጉሮሮ አለው፤ የተሰነቀረው ካልወጣ ያንቀዋል" አልኳቸው። ሳቁ። ጥሩ ሰው ናቸው።

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ነበር። ሙሾ አውራጅ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት ገብቼ የሟቹን ነገር በግጥም እያነሣሁ፣ የዘመዱ እንባ እንዲወጣለት ማድረግ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት እዚሁ ናይሮቢ፣ ቸርች ውስጥ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ወዲያ ወዲህ ቢል ይቅር በሉኝ፤ እግሬም እንደዚያው ነው።

ሥራውን ያስተማረችኝ እትዬ የሺ ናት፣ ደሴ። ቀጠን ያለች፣ ቁጡ፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ነበረች። ለቅሶ ቤት በፊት ለፊት በር ስትገባ አይቻት አላውቅም። ዞራ በጓሮ በኩል ትገባለች። እዚያ ማድ ቤት አካባቢ ውኃ የምትቀዳውን፣ እንጨት የሚፈልጠውን፣ ጎረቤቱን ትይዛለች። "ሲቆጣ ምን ይል ነበር? ሲበላ ምን ይተው ነበር? ማንን ይፈራ ነበር?" ትጠይቃለች። ዘመድ አትጠይቅም። "ዘመድ ሟቹን መልአክ ያደርገዋል፤ ለመልአክ ደግሞ ማን ያለቅሳል?" ትል ነበር።

ሌላም ነገር ነበራት። ያልሆነውን ሆነ አትልም። ፈሪውን ጀግና፣ ቋጣሪውን ቸር ስል ከሰማች በክርኗ ትጎሽመኛለች። "እንዲህ ካልሽው ሬሳው ተነሥቶ ይሟገትሻል!" ደረት የምንመታውም ለድምቀት አልነበረም፤ ልክ አለው። ከግጥሙ አንደኛው ስንኝ ቀለል ይላል፣ ሁለተኛው ይከብዳል፤ በሁለቱ መሐል መዳፍ ደረት ላይ ያርፋል፣ ትንፋሽ ይገባል። ያቺ ትንፋሽ ከጠፋች ግጥሙ ሁሉ ጩኸት ይሆናል። ዝንጅብሏም የእሷ ናት፤ ጉሮሮ እንዳይዘጋ። ከሁሉ በላይ ግን፣ "የቅርቡ ሰው እንባ ከወጣ አፍሽን ዝጊ፤ ሥራሽ አልቋል" ትለኝ ነበር። ብዙ ሙሾ አውራጅ አይቻለሁ፤ መጀመር የሚያውቅ ሞልቷል፤ ማቆም የሚያውቅ ግን ከእሷ ሌላ አላየሁም።

አንድ የማይጣስ ሕግም ነበራት፤ መርዶ ሳይነገር ሙሾ አይወርድም። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው፣ ደጅ አንኳኩተው፣ ለቤተ ሰቡ ይናገራሉ። ይህ ነው መርዶ። ያ ሳይሆን የሰውየውን ስም በሙሾ የጠራች ሴት እሷ ራሷ መርዶ ነጋሪ ሆነች ማለት ነው፤ ያውም ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ደጋፊ። "ስሙን ስትጠሪ ትገድይዋለሽ" ትለኝ ነበር።

ናይሮቢ ስመጣ ይህንን ብቻ ይዤ መጣሁ። ሌላውን፣ የስደት ወረቀቱን፣ ሰልፉን፣ ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ አላወራውም። እድራችንን ያቋቋሙት ሐጂ ኑሩ ነበሩ፣ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ የኛው ሰው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ እድር ነበርን፤ ስደት ላይ ሬሳ የሚለያይበት አቅም ከየት ይመጣል? ሐጂ አለቃዬ ማለት ናቸው። ሰው ሲሞት ይደውሉና፣ "ሙሉነሽ፣ ተነሽ፤ ሰው ጎድሎብናል" ይላሉ። የትራንስፖርት ብለው በእጄ የሚያስይዙኝን ቆጥሬው አላውቅም፤ ማታቱ፣ የዚህ አገር ሚኒባስ፣ ተሳፍሬ ከተረፈኝ ስኳር ነው።

ደኅና ደኅና ሥራ ሠርቻለሁ። አቶ ግርማ የሚባል ሚቱምባ ጫማ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር፤ እዚህ ልባሽ ጨርቅና ልባሽ ጫማን ሚቱምባ ነው የሚሉት። ጎረቤቱን ስጠይቅ፣ "ገዢ ሲመጣ ተንበርክኮ ራሱ ነው የሚያጠልቅለት፤ እሱ ግን በነጠላ ጫማ ነው የሚዞር" አለችኝ። ይኸው መጣልኝ፤

የሰዉን ሁሉ እግር ተንበርክኮ ለክቶ፣
የራሱን መንገድ ግን ሄደ ጫማ ትቶ።

ድንጋይ ናት የሚሏት ሚስቱ ወለሉ ላይ ተንሸራታ ተቀመጠች። አፌን ዘጋሁ።

የማይረሳኝ ግን ያልሆነልኝ ነው። በሞያሌ በኩል የገባ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያልፍ ልጅ እዚህ ታሞ ሞተ። እድሩ አዋጥቶ ሬሳውን ወደ አገሩ ሊልክ ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው ካርጎ በር ላይ ተሰበሰብን። እንደ ልማዴ ዞሬ ጠየቅሁ። አብረውት ያደሩት ልጆች፣ "ዝምተኛ ነበር" አሉኝ። ሌላስ? "ዝምተኛ ነበር።" ወረቀቱ ላይ ያለው ስም እንኳን የእሱ ስለመሆኑ እርግጠኛ አልነበሩም፤ የመንገድ ስም ነው አሉ።

ሐጂ፣ "አውርጂ እንጂ" አሉኝ። "ኧረ ልጄ፣ ልጄ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ምን ልበል? ዝም አለ ልበል? የካርጎው ፎርክሊፍት ጢጥ ጢጥ ይላል። ሰው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀኛል፤ አንዱ ሳለ። በሩ ተከፈተ፣ ሳጥኑ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ልጁ በደረቁ ሄደ።

ስንመለስ ሐጂ መኪናቸው ውስጥ፣ "አይዞሽ፣ ያላወቅሽውን ከየት ታመጪዋለሽ?" አሉኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልማድ አወጣሁ፤ ሰውን በሕይወት ሳለ መጠየቅ። አዲስ የመጣ ልጅ ቸርች ደጃፍ ካገኘሁ፣ "ስትናደድ ምን ትላለህ? ምን ያስቅሃል?" እላለሁ። ልጄ ታፍራለች። "እማዬ፣ ሰው እኮ ፖሊስ ትመስይዋለሽ" ትለኛለች። ይምሰለው።

ሁሉን ስጠይቅ የኖርኩ ሴት ግን አንዲትን ሰው አልጠየቅኋትም። አልማዝን።

አልማዝ ጓደኛዬ ናት፤ የተዋወቅነው በዚያ በወረቀት ሰልፍ ነው። ባሏ ደምሴ በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ጦርነት ዘምቶ ቀረ። ሞተ ያላት የለም፣ አለ ያላትም የለም። ልጇ ወደ ናይሮቢ ሲያመጣት ለድሮ ጎረቤቶቿ ሁሉ አድራሻዋን ትታ ነው የወጣች። ሳውዝ ሲ ምድር ቤት ነው የምትኖረው፤ ልጇ ፀሐይ የሚገባው ፎቅ ተከራይቶላት እምቢ አለች። ጥቁር አትለብስም። ጀርባዋን ለበር ሰጥታ አትቀመጥም። ማታ ማታ የግቢውን ዘበኛ፣ "የጠየቀኝ ሰው አለ?" ትለዋለች። ሁላችንም እናያለን፣ ሁላችንም ዝም። ስለ ደምሴ መጠየቅ ሙሾዬን ማዘጋጀት ይሆንብኝ ነበር፤ እሷም ሥራዬን ታውቃለች።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። የልጅ ልጄ ሜሮን ድራም ትመታለች። ሮክ ነው የሚጫወቱት፤ እኔ መጀመሪያ ዕቃ የተሰባበረ መስሎኝ ነበር። ሦስት ናቸው፤ ሜሮን፣ ዘፋኙ ናቲ፣ እሱ የአልማዝ የልጅ ልጅ ነው፣ እና ጊታሩን የሚይዘው ኦቲየኖ፣ የሠፈራችን የኢምባካሲ ልጅ። ስማቸውን "ጭቃ መንገድ" አሉት፤ ሠፈራችን ሲዘንብ ያየ ይረዳዋል።

ስፒከሩ ጡረታ ካወጣኝ ወዲያ ነው። ሜሮን መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። "ሾሾ" አለችኝ፤ እዚህ አያትን እንደዚህ ነው የሚሏት። "የመጀመሪያ ነጠላ ዜማችንን ልንቀዳ ነው። ስለ ጦርነቱ ነው፤ ስለ ናቲ አያት። መሐሉ ላይ ያንቺን ሙሾ እንፈልጋለን። ፕሊስ። አንዴ ብቻ።"

ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ? ዌስትላንድስ የሚባል ሠፈር ይዘውኝ ሄዱ፣ ግድግዳዋ ሁሉ ስፖንጅ የሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ። ዜማቸውን አሰሙኝ። መድፍ አለ፣ ተራራ አለ፣ ጀግና አለ፣ ጩኸት አለ። የሜሮንን ምት ግን ልቤ አወቀው፤ ሕፃን ሳለች ደረቴ ላይ አስተኝቻት ሙሾ ስለማመድ የሰማችውን ነው የምትመታው። ትንፋሿን ሳትቀር።

"እዚህ ጋ ስሙን ጥሪው" አለኝ ናቲ። "'ደምሴ ሆይ' በይ፣ ከዚያ የፈለግሽውን።"

"የት ሞተ?"

"ጦርነት ላይ።"

"ማን አየው?"

"ማንም። ግን እማማ ሙሉ፣ ኦብቪየስ እኮ ነው። ስንት ዘመኑ?"

"ለአያትህ መርዶ ማን ነገራት?"

ልጁ ሜሮንን አየ፣ ሜሮን እሱን። "መርዶ ምንድን ነው?" አለ።

አልፈረድኩበትም። እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ አድጎ፣ ማን ነግሮት ይወቅ? አስረዳሁት። ቀጥዬ ደግሞ፣ "አያትህ ሲቆጣ ምን ይል ነበር?" አልኩት።

"እኔ እንጃ። አስር አለቃ ነበር።"

"እሱ ማዕረጉ ነው። ሰውየውስ?"

የካርጎው በር ትዝ አለኝ። "ልጄ፣ ስም ብቻ ይዘህ መጣህ፤ ስሙም ደግሞ አልተፈቀደልንም። አልችልም" አልኩት። ናቲ አኮረፈ። ነገሩን ለኦቲየኖ ሲተረጉሙለት ጊታሩን አስቀመጠና፣ "ባስ፣ ቱዋቼ ናፋሲ" አለ። እንግዲያው ቦታ እንተውላት ማለቱ ነው። ዜማው መሐል ላይ ሁሉም መሣሪያ ዝም የሚልበት ባዶ ቦታ ተዉ፤ እኔ ሐሳቤን የቀየርኩ ዕለት የምገባበት።

ሰላም ተለያየን መስሎኝ ነበር። ናቲ ግን የከለከልኩት የኔን ድምፅ ብቻ መስሎት፣ በዚያ ባዶ ቦታ በራሱ ድምፅ፣ "ደምሴ፣ አያቴ፣ አፈሩ ይቅለልህ" ብሎ ቀዳበት። ክፋት የለውም፤ ስጦታ ነበር የመሰለው። በማግስቱ አያቱ ሳሎን ተቀምጦ ስልኩን ከፈተላት።

ማታውን ደወለልኝ። "እማማ ሙሉ፣ አያቴ አትናገርም። ዘፈኑን አሰማኋት፣ ተነሥታ በሩን ቆለፈችና ተኛች። ቆልፋ አታውቅም እኮ!"

እኔም አልተኛሁም። ልቧ ቆሞ ብትቀርስ? እድሜ ልኳን የጠበቀችውን ሰው በልጅ ዘፈን ቀበርንባት፤ ማን ይዟት፣ ማን ደግፏት? ልሂድ ብል፣ ምን ብዬ ነው የማንኳኳው? ጠዋት ነጠላዬን ስፈልግ በሩ ተንኳኳ። አልማዝ ናት። ጉልበቷን እያመማት ማታቱ ቀያይራ መጥታለች።

"ሙልዬ" አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። "መርዶ በጊታር ሲነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

ልሳቅ ልጩህ ቸገረኝ። "ልጁን ይቅር በይው፤ አያውቅም።"

"ምን አጠፋና? ይህን ሁሉ ዘመን እናንተ በአጠገቤ በእግር ጣታችሁ ስትሄዱ ኖራችሁ። ማን ደፍሮ ነገረኝ? እኔ ራሴን በራሴ መርዶ ልንገራት? ያረዳኝ ሳይኖር ጥቁር ብለብስ አሟርታ ገደለችው አልባልም?" ተቀመጠች። "ሞቷል፣ ሙልዬ። ካወቅሁት ቆየሁ። ግን እንደ ደንቡ ንገሩኝ። በዘፈን አይደለም። ሰው በሬን ያንኳኳ።"

"እሺ" አልኳት። ከዚያ እትዬ የሺ በአፌ የገባች ይመስል፣ "ሲቆጣ ምን ይል ነበር?" አልኳት።

አየችኝ። "ይኼን ጥያቄ ስንት ዘመን ጠበቅሁት" አለች። ነገረችኝም። ደምሴ ጀግና አልነበረም፤ የውኃ ቦቴ ሾፌር ነበር፣ ለወታደሩ ውኃ የሚያመላልስ። ሲቆጣ አይናገርም፣ ጎማ ይመታል። ነጎድጓድ ይፈራል። ቤታቸው ቁልቁለት ግርጌ ነበርና፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ዳገቱ አናት ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፀጥ ብሎ ተንሸራትቶ ደጇ ላይ ይቆማል። "ሲመጣ ድምፅ የለውም፣ ሙልዬ። ጎረቤቱ ሁሉ መኪና ሲሰማ ይወጣል፤ እኔ ግን ሁሉ ነገር ጭጭ ሲል ነበር የምወጣው። ታዲያ አሁን ዝም ስላለ ቀረ ልበል? ዝምታ ለኔ መምጫው እኮ ነበር።"

ምድር ቤት ለምን እንደምትኖር ያኔ ገባኝ።

ሐጂ ኑሩ አርጅተዋል፤ ሱቁን ለልጆቻቸው ትተዋል። ስደውልላቸው ነገሩን ሰምተው፣ "ሙሉነሽ፣ ሰው ጎድሎብናል በይኛ" አሉኝ። የአልማዝን ልጅ አስቀድመው እሳቸው አነጋገሩት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሳውዝ ሲ ግቢው በር ላይ ተሰበሰብን፣ የድሮ የእድር ሰዎች፣ ፓስተራችን፣ ልጇ፣ ሜሮን። ኦቲየኖ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሟል። ናቲ ከኋላ አንገቱን ደፍቷል። ዘበኛው ሕዝቡን አይቶ ደነገጠ፤ "ኩና ኒኒ?" ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው። ሐጂ፣ "ማታ ማታ ለምትጠይቅህ ሴት መልስ ይዘን መጥተናል" አሉት፣ በስዋሂሊ። ከፈተልን።

ሐጂ አንኳኩ። በሩ ወዲያው ተከፈተ። አልማዝ ቆማለች፣ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ሳትተኛ ነው ያደረች።

ሐጂ ስንቱን መርዶ የነገሩ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ "አልማዝ፣ ልጄ" አሉ። "ጠበቅሽው። እንደ አንቺ የጠበቀ አላየሁም። ደምሴ አይመጣም።"

"አይመጣም?" አለች፣ እንደ ሕፃን።

"አይመጣም፣ ልጄ።"

እንባ የለም። ቆማ ቀረች። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ፤ ፓስተራችንም። አውርጂ በሚል ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉልኝ። መዳፌን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ፤

ውኃ ጭኖ ሄዶ ለተጠማው ሁሉ፣
ቤቱን ጥም ጨረሰው መጣ መጣ ሲሉ።

ከኋላዬ የሜሮን መዳፍ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ፤ በልኩ። ቀጠልኩ፤

ቁልቁለቱን ወርዶ ሞተሩን አጥፍቶ፣
ደጅ ቆሞ ይሆናል ማን አይቶታል ወጥቶ።

ይህኔ አልማዝ ጮኸች። ያ ሁሉ ዘመን ነው የወጣው። ናቲ ሮጦ ያዛት፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አፌን ዘጋሁ።

ከሰልስቱ በኋላ ልጆቹ አልማዝ ቤት መጡ። ናቲ የአያቱን ጉልበት ስሞ ሲነሣ፣ "ደግሞ የማንን መርዶ ይዘህ መጣህ?" አለችው። ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነው። እሱም ሳቀ፣ አለቀሰም። መድፉንና ጀግናውን አውጥቶ ቦቴውን አስገብቷል፤ በራሱ ድምፅ የቀዳውንም ስም አጥፍቶታል። "አሁን እማማ ሙሉ ትገባበታለች፤ አሁንማ ተፈቅዷል፣ አይደል?" አለ። ኦቲየኖም ጣቱን ወደ ስልኩ ቀስሮ፣ "ሀፖ ኒ ፓኮ፣ ሾሾ" አለኝ፤ እዚያ ያንቺ ቦታ ነው።

እኔ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ዝንጅብሌ ጉንጬ ውስጥ ናት። ግጥሙም አለኝ፣ ከዚያ ጠዋት የተረፈ። ስፒከርም ይሁን ምንም ይሁን፣ የኔም ድምፅ አንድ ጊዜ ተቀድቶ እንዲቀር ፈልጌ ነበር፤ አልደብቅም።

ናቲ ስልኩን ከፈተው። ጊታሩ መጣ፣ የሜሮን ምት መጣ፣ ከበደ፣ ከበደ፣ ድንገት ሁሉም ቆመ። ባዶው ቦታ ነው። ክፍሉ ጭጭ አለ።

አልማዝ ቀና ብላ ወደ በሩ ዞረች። ልትነሣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ፊቷን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሃያ ዓመት እንኳን የሞላት አትመስልም ነበር።

ጊታሩ ተመለሰ። አልማዝ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ለቀቅ አለች።

"እንዲህ ነበር የሚመጣው" አለች።

ወደኔ ዞራ እጄን ያዘችኝ። "ሙልዬ፣ እባክሽ፣ እዚህ ጋ እንዳትገቢበት።"

ናቲ እኔን አየኝ። ሜሮንም አየችኝ። ዝንጅብሏን ከጉንጬ አወጣሁና በመሐረቤ ጠቀለልኳት።